የግራና አመሻሽና መንገድ መሪዎቹ

ግራና በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ከሚያልፈው ዋና መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብላ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ውርጌሳና መርሳ አስፋልቱ ላይ ሲቀሩ ግራና ፊቷን ወደ አፋር አዙራለች። መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ወደ ግራና የሚወርድ እንግዳ ከተማዋን የሚያያት ብዙውን ጊዜ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነበር። የቆላ ፀሐይ ቀትር ላይ አታስኬድም። መንገደኛ ከዋርካ ወይም ከሾላ ሥር አረፍ ብሎ ይቆይና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይነሣል፤ የቀረውን መንገድ የሚጨርሰው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። አገሩን የማያውቅ ሰው ደግሞ ብቻውን አይለቀቅም፤ ከፊቱ አንድ መሪ ይቀድማል። ዛሬ በብዙ አገር በገንዘብ የሚሸጠው የአመሻሽ የገጠር ጉብኝት ግራና ባለችበት በየጁ ቆላ ያለ ትኬት ሲደረግ የኖረ ነው።

የግራና ምሽት ከሌላው የሚለየው በመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቆቦ ግራና የሚባለው ሸለቆ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ሲሰነጣጠቅ ከግርጌው ሰምጦ የቀረ ሜዳ ነው። በስተምዕራብ ደጋው ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሜዳው ራሱ ከ1500 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ በስተምሥራቅ ደግሞ ዝቅ ያሉ ኮረብቶች ከአፋር በረሃ ይለዩታል። መካከሉን ጎርፍ ከደጋ ያወረደው ደለል ሞልቶታል። ስለዚህ በግራና ጀምበር አድማስ ላይ ስትጠልቅ አትታይም። ገና ሰማዩ ብሩህ ሳለ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ጥላው ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ማሳ ለማሳ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ መንደሩ ጥላ ውስጥ ከገባ በኋላም የምሥራቁ ኮረብቶች ለጥቂት ጊዜ ቀልተው ይቆያሉ። መንገድ መሪ የቀረውን ብርሃን ለመገመት የሚያየው እነዚያን ኮረብቶች ነው። ብርሃኑ ከጫፋቸው ሲለቅ እርምጃውን ያፈጥናል።

ጨለማው ቶሎ ይመጣል። ግራና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ጀምበር ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከጠለቀች በኋላ መንገድ የሚያሳይ ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። የመጥለቂያው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። በኅዳር መጀመሪያ ከ12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ይላል፣ በሰኔ መጨረሻ 12 ሰዓት ከ45 ይደርሳል፤ ይህም የአድማሱ ስሌት ነው እንጂ ተራራው ከዚያ ቀድሞ ይከልላል። የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር የሌሊቱን አንድ ሰዓት የሚጀምረው ጀምበር ከገባች በኋላ በመሆኑ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ተብሎ የተቀጠረ መንገደኛ የእጅ ሰዓት ባይኖረውም ቀጠሮውን አይስትም ነበር።

መሪው ሙያተኛ አልነበረም። ከገበያ አብሮ የወጣ ጎረቤት፣ ከብት ሲመልስ መንገድ ላይ የተገኘ እረኛ፣ አንዳንዴም እንግዳውን ያሳደረው ባለቤት ራሱ ነው። በወሎ ገጠር የመሸበት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ሃይማኖቱ ለማደር መስፈርት አይደለም። የሀብሩ ሕዝብ እስላምም ክርስቲያንም በመሆኑ ባለቤቱ የሚጠነቀቀው በምግቡ ላይ ነው፤ ለሌላው ሃይማኖት እንግዳ ሥጋ አቅርቦ አያሳፍረውም፣ ወተትና ሽሮ ግን ሁሉንም ያስማማል። ጠዋት እንግዳው ሲነሣ ባለቤቱ ወይም ልጁ ወንዙን እስኪሻገር፣ አለዚያም የሚቀጥለው መንደር እስኪታይ ድረስ ይሸኘዋል። ይህ ሽኝት አክብሮት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ግማሹን መተው ነው። መንደር ያልታወቀ ፊት ሲመጣበት ይጠራጠራል፣ ውሻውም ሰውየውም ይነሣሉ። ያንኑ እንግዳ ከሚያውቁት ሰው ኋላ ሲያዩት ግን «እንዴት አመሻችሁ» ብለው መንገድ ይለቃሉ። መሪ መንገድ ከማሳየት በላይ ለእንግዳው ዋስ ነበር፤ እንግዳው አንድ ነገር ቢያጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

መንገዱ የሚያልፈው በማሽላ መካከል ነው። ጅጉርቴና ደጋሊትን የመሰሉት የጥንት ዘሮች በሚያዝያና በግንቦት ተዘርተው የሚሰበሰቡት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ቁመታቸው ከሰው በላይ ስለሚሆን በጥቅምት አመሻሽ በጠባቡ መተላለፊያ የሚሄድ ሰው ከመሪው ጀርባና ከቅጠሉ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። በየማሳው መካከል በእንጨት የቆመ ማማ አለ። ከንጋት ጀምሮ ግሪሳ ሲከላከል የዋለ ልጅ ከማማው የሚወርደው ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ ነው። ግሪሳ በብዙ ሺህ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ግራሩ ላይ ይሰፍራል። ልጁ የቀረችውን ድንጋይ ይወነጭፍና ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጥሎ ይወርዳል። ድምፁ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ከመዋሉ የተነሣ ሻክሯል።

ከዚህ ልጅ የሚገኘው መስተንግዶ ጥንቅሽ ነው። ጥንቅሽ አገዳው የሚመጠጥ ጣፋጭ ማሽላ ሲሆን የሚዘራው በማሳው ዳር ዳር ነው። ልጁ ከሥሩ ይሰብረዋል፣ ቅጠሉን ይመለምላል፣ በጉልበቱ ላይ ቆርሶ ለእንግዳው ይሰጣል። አላላጡ ግን መማር አለበት። አንጓው በጥርስ ይነከሳል፣ ልጣጩ ወደ ታች ይሳባል፣ ነጩ ክፍል ብቻ ይታኘካል። ልጣጩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አዲስ እንግዳ ከከንፈሩ ወይም ከአውራ ጣቱ ደም ሳይታይበት ከማሳው የሚወጣ እምብዛም አይገኝም፤ የማማው ልጆች ለመሳቅ የሚጠብቁትም ይህችኑ ነው። መሪው ግን አይስቅም፣ ሁለተኛውን አንጓ ራሱ ልጦ ይሰጣል።

ከነዚህ ማሳዎች ውስጥ ገበሬው ለገበያ ሳይሆን ለቤቱ የሚያበቅላቸው ዘሮችም ነበሩ። ወተት በጉንጬና ማርጩቄ የሚባሉት እሸታቸው በእሳት ተጠብሶ ይበላል፤ ስለሚጣፍጡ ወፍም ሌባም ስለሚበዛባቸው ከሌላው ማሽላ ጋር ተደባልቀው ይዘራሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ናሙና መርምረው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከሌሎቹ እጅግ ልቆ ያገኙባቸው ሁለት ዘሮች የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የመጡትም ከወሎ ነው። አመሻሽ ላይ ከማማ ሥር እሳት አንድደው እሸት የሚጠብሱ ልጆች ስለ ላይሲን የሰሙት ነገር አልነበረም፣ የትኛውን ራስ እንደሚመርጡ ግን ያውቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. 1973 ወሎ የተራበበት ዓመት መሆኑ ከግጥምጥሞሽ በላይ ይከብዳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የጁ፣ ራያና ቆቦ እንዲሁም አምባሰል በጽኑ ከተጎዱት አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ዝናቡ ሲቀር ማሽላው በአገዳው ቀረ፤ የአመሻሹ ጉዞም አቅጣጫውን ለወጠ። እንግዳ ወደ ቆላው መውረዱ ቀርቶ የቆላው ሰው ወደ አስፋልቱ ይወጣ ጀመር። በደሴ መንገድ ዳር ተሰልፎ የሚያልፍ መኪና የሚማጸን ሕዝብ የዚያ ዘመን ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። በ1977ቱ ረሃብም እንዲሁ ሆነ። የቆላ ሽማግሌ ስለ ጥጋብ ዘመን አመሻሽ ሲያወራ ቆም የሚልበት ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ሁለት የረሃብ ዘመናት አንዱ ጋ ነው።

ማሽላው ሲያበቃ የመስኖው መሬት ይጀምራል። ከደጋ የሚወርዱት ወንዞች በጠለፋ ተይዘው ወደ ማሳ ይመራሉ፤ ሽንኩርቱ፣ ብርቱካኑ፣ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሙዙ የሚበቅለው በዚያ ነው። ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚያስጠብቅ የውሃ አባት አለ፣ ሰዓቱም ቀንና ሌሊት አይልም። ስለዚህ መንገደኛው ወደ መንደር ሲገባ የሌሊት ተራ የደረሰው ገበሬ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፋኖስ ወይም ባትሪ ይዞ ከመንደር ይወጣል። ሁለቱ የሚገናኙት ቦዩ ላይ ነው። መሪው እንግዳውን የሚያስጠነቅቀው ስለ እባብ ከሚናገረው በላይ ስለ ቦዩ ነው፤ «አባባ፣ ድንጋዩን ረግጠው ይለፉ፣ ቦዩን እንዳይሰብሩብን።» በእግር የተናደ ቦይ የአንዱን ተራ ለሌላው ያጠጣል። ጨለማ ላይ ማን እንደናደው ስለማይታወቅ በማግሥቱ የሚነሣው ጠብ ሽማግሌ ካልተቀመጠበት አይበርድም።

ወባን ሳያነሡ የግራናን ምሽት ማወደስ አይገባም። ደገኛ ቆላ ወርዶ ማደር ይፈራ የነበረው ንዳድን ፈርቶ ነው፤ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው ደግሞ ከምሽት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋ ቀመስ አካባቢዎች ድረስ የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በበረቱ አጠገብ የሚጨሰው ኩበት፣ ደገኛው ገበያውን ጨርሶ በጊዜ ወደ ዳገቱ መመለሱ ሁሉ ከዚህ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው። ምሽቱ ያምራል የሚለው የዛሬ እንግዳ አጎበር ውስጥ የሚያድር ነው፤ የጥንቱ እንግዳ ግን ምሽቱን የሚያደንቅበት ፋታ አልነበረውም።

መንደር ሲቃረብ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ከብቱ ወደ በረት ይገባል፣ ጥጃ እናቱን ይጣራል፣ የእራት ጢስ ከየጎጆው ክዳን ይወጣል። ከከተማው ዳር የአፋር ግመሎች ጭነታቸው ወርዶላቸው ተንበርክከዋል። አፋሮቹ ፍየልና ቅቤ አምጥተው ማሽላ ሸምተው ይመለሳሉ፤ ወገባቸው ላይ ጊሌ ታጥቀዋል፣ የሚያድሩትም ከግመሎቻቸው አጠገብ ነው። ምርት ተሰብስቦ ገለባው ሲቀር ደግሞ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ሀብሩ ማሳዎች ይመጣሉ። በዚህ የግጦሽ ጉዳይ በሁለቱ ወገን መካከል ሰላምም ግጭትም ኖሯል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር መሪ በዚህ ምክንያት ከሌላው ይልቅ ይፈለግ ነበር።

ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ተለውጧል። በመርሳና በወልድያ መካከል ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ሳያልቅ የሚደርሱ የማሽላ ዘሮችን አውጥቷል፤ ከነዚህ አንዱ ግራና አንድ ይባላል። በዚያው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ ላይ የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያስገኝላቸው፣ ከሥራቸው ፍሬ መካከል ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች በሰሜን ወሎ ማሳዎች ተዘርተዋል። አዲሶቹ ዘሮች ከጥንቶቹ ያጥራሉ። ገበሬው ያተረፈው ጊዜ ነው፤ እግረኛው ደግሞ ሳያስበው እይታ አተረፈ፣ በአጭር ማሽላ መካከል ሲሄድ ተራራውንም ኮረብታውንም ያያል። ለከብት መኖና ለጎጆ የሚሆነው ረጅም አገዳ ግን ቀነሰ። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃ እያወጣ መስኖውን አሰፋ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ላይ የሚያበቃው የ392 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ሥራም በዚሁ ቆላ ተካሄደ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የመሸበት መንገደኛ መሪ መለመኑን ትቶ ሾፌር መደወል ጀመረ።

መሪነት በገንዘብ ሲተመን ምን እንደሚመስል ለማየት ከሰሜን ወሎ መውጣት አያስፈልግም። በመቄት ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሴቭ ዘ ችልድረን ድጋፍ ተስፋ የተባለ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተጀመረ። መቋት ማርያም፣ ዋጀላና ሌሎችም መንደሮች ገደል አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠርተው እንግዳ ተቀበሉ። ጓዝ በአህያ ይጫን፣ መሪው ይቀድም፣ እራቱን የመንደሩ ሰዎች ያበስሉ፣ ገቢውም ለመንደሩ ይገባ ነበር። መቋት ማርያም ከገደሉ ጫፍ ላይ ስለሆነች እንግዳው ጭላዳ ዝንጀሮ ወደ ገደሉ ሲወርድ እያየ ጀምበሯ በሩቁ እስክትጠልቅ ይቀመጥ ነበር። በግራና ከተራራ ጀርባ የምትሰወረው ጀምበር በመቄት ከእግር በታች ካለ አገር ጋር ትታያለች። ያም ሆኖ ሥራውን ያስከበረው እይታው አይደለም፤ ሸሽቶ የሚሄድ አስጎብኚ ሳይሆን በማግሥቱም እዚያው የሚኖር ሰው ስለሚመራውና ስለሚጠየቅበት ነው።

በቬትናም ሆይ አን ከተማ ዙሪያ የሚደረገው የአመሻሽ ጉብኝት ከዚህ በላይ የገፋ ንግድ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ ከተመዘገበች ወዲህ ጎብኚ በዝቶባታል። እንግዶች ከሰዓት በኋላ በብስክሌት ሩዝ ማሳ ለማሳ ይነዳሉ፣ በቅርጫት ጀልባ ይንሳፈፋሉ፣ ጎሽ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሩዝ ማሳ ማረሱን ትቶ ለፎቶ የሚቆም ጎሽ ሲበዛ እንግዳው የሚያየው ገጠር የእርሱ መምጣት የፈጠረውን ብቻ ይሆናል። ግራና ከዚህ የምትማረው ማማው ላይ ልጅ የሚወጣው ግሪሳ ለመከላከል እንጂ ለእንግዳ ለማሳየት እንዳይሆን ነው። እንዲያውም ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ማማው ባዶ ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላም ጠፍቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወልድያንና ሀብሩን አዳረሰ፤ ወልድያ ነጻ የወጣችው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ሥራም በዚያው ተጎዳ። ከኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ የተዳከመው የመቄትና የላሊበላ ቱሪዝም ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሳያገግም ቀረ። አመሻሽ ሰው ከመንገድ የሚጠፋበት ሰዓት ሆነ፤ የማያውቁትን ሰው አስገብቶ ማሳደር ከደግነት ይልቅ ድፍረት የሚጠይቅበት ጊዜ መጣ። እንግዳውን ከፊት ሆኖ በመምራት ዋስ የሚሆነው ሰውም ራሱ ዋስ የሚፈልግ ሆነ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለግራና የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ነው፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ ማሽላው ታጭዶ አላለቀም፣ የሰማዩ ጥራት ኮረብቶቹን ያሳያል። ከክረምቱ ማግሥት ወባው የሚበረታውም በዚያው ወቅት ስለሆነ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። ጉዞው ከ10 ሰዓት ባይዘገይ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ተራራው ጀምበሯን ቀድሞ ይወስዳል። የአመሻሽ ጉብኝት ሥራ በግራና ለመጀመር የሚያስብ የወረዳ ባለሙያ ወይም ባለሀብት ካለ ሎጅ መሥራቱን ያቆየውና መጀመሪያ ሁለት ነገር ይወስን፤ መሪው የዚያው ሰፈር ነዋሪ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ እንግዳ የሚገኘው ገንዘብም መንገዱ የሚያልፍበት ማሳ ባለቤትና የቦዩ ተረኛ እጅ ይድረስ።